ሰባት ቤት ለማስቆጠር ጨንቻ ድረስ

ከአርባ ምንጭ ወደ ደነባ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው መንገድ አላሳልፍ ብሎኛል። ገበያ ስወጣ ያስቆመኛል፣ ከቅዳሴ ስወጣ ያስቆመኛል፣ እድር ላይ ሒሳቡን ትተው እኔን ይጠይቃሉ። አንድ ነገር መቶ ጊዜ ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ማንበብ የሚችል ለማይችለው ያንብብለት ብዬ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው፤ ዳዊት ሳልጨርስ ከብት ጥበቃ ወጣሁ። ፊደሉ ቢጣመም ነገሩን ተከተሉ።

ደግሞ ከወዲሁ ልናገር፤ አዞ አላየሁም። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ ነው።

የሄድኩበት ጉዳይ ይሄ ነው። ልጄ አስካለ ከአብራኬ የወጣች አይደለችም። ይህን ደነባ ውስጥ የማያውቅ የለም። የባለቤቴ የየሺ ወንድም አርባ ምንጭ የጤና ረዳት ሆኖ ይሠራ ነበር። አባቷ የሞተ፣ እናቷ በጠና የታመመች ሕፃን አለች ብሎ ላከብን። የሺ ሄዳ ፍርድ ቤት ቀርባ፣ ሁለታችንንም ወክላ በጉዲፈቻ ተዋውላ አመጣቻት። እኔ አጨዳ ላይ ነበርኩና አልሄድኩም። ቤት ሲደርሱ የሺ በጣቷ ማር አጥቅሳ አቀመሰቻት፤ በኛ አገር ልጅ የሚደረገው እንዲያ ነው፤ አለቀ። ወረቀቱን የሺ ሣጥን ውስጥ አኑራው ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ አንድ ክረምት ጣራው አፍስሶ ውሃው ሣጥኑ ውስጥ ገባ፤ ወረቀቱ ሊጥ ሆነ።

አስካለ ዛሬ ደብረ ብርሃን ነርስ ናት። ማቴዎስ የሚባል የመብራት ሠራተኛ ወደዳት። ጨዋ ልጅ ነው፣ አይዋሽም፣ የአርባ ምንጭ አገር ልጅ ነው። ሽማግሌ ልላክ ሲል እኔ «መጀመሪያ ሰባት ቤት ይቆጠር» አልኩ።

አስካለ ሳቀችብኝ። «አባዬ፣ ያንተን ሰባት ቤት እኔ እንደ ውዳሴ ማርያም እወጣው የለ? ያ አይበቃም?»

«አይበቃም። ያ የኔ ነው። ደምሽ ከዚያ አገር፣ የልጁ ደም ከዚያ አገር። ወንድምሽ ቢሆንስ?»

«ስንት ሕዝብ ባለበት አገር!»

«ስንትም ይሁን። ሳይቆጠር አልመርቅም።»

ሳይመረቅ ደግሞ አታገባም፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ፈቃድ ወሰደችና ተነሣን። ማቴዎስን መሥሪያ ቤቱ አልለቀቀውም።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ በሚኒባስ ተነሣን። ካፖርቴን ልደርብ ስል አስካለ «ቆላ ነው የምንሄደው፣ ትቀልጣለህ» ብላ አስጣለችኝ። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ባዶ እጅ የሰው ቤት አይኬድም ብዬ አዲስ አበባ ስንደርስ አንድ ጥሩ ጋቢ ገዛሁ፤ ድርብ፣ ጥለቱ ቀይና ጥቁር። አስካለ አየችውና አፏን ያዘች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ያደርነው መናኸሪያ አጠገብ ነው። ስለዚያ ቤት የምለው፣ ትኋኑ ከባለቤቱ ይልቅ እንግዳ ተቀባይ ነበር።

ሰኞ

ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ላይ ወጣን፤ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። ቡታጅራን፣ ሆሳዕናን፣ ሶዶን አለፍን። ሆሳዕና አካባቢ ስንዴውን ሳይ አገሬ ያለሁ መስሎኝ ነበር። ከሶዶ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ይሄዳል፤ ሙቀቱም እንደ ምድጃ አፍ ይቀበላል። አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ሙሉ ዘንቢል ማንጎ ትልጣለች። ሳልጠይቃት ሰጠችኝ። ሁለተኛ ሰጠችኝ። አራተኛው ላይ «እመቤቴ፣ ሆዴ አንድ ነው» ብላት «መንገዱ ግን ረጅም ነው አባባ» አለችኝ። በኛ አገር መንገደኛ ለመንገደኛ ቆሎ ይዘግናል፤ እዚህ ማንጎ ነው።

አልጋ የያዝነው ሲቀላ በሚባለው የታችኛው ከተማ ነው። አልጋው ላይ ነጭ መረብ ተንጠልጥሏል፤ አጎበር ይሉታል፣ ለወባ ነው። የደጋ ሰው ምን ያውቃል? ገብቼ ልተኛ ስል እግሬን ጠመጠመኝ፣ ላወልቅ ስል አንገቴን ያዘኝ። አስተናጋጁ መጥቶ እንደ ተያዘ አሳ ፈታኝ። ሳቁን እንዴት አድርጎ እንደዋጠ አላውቅም፤ ምስጋናዬ ይድረሰው።

ማክሰኞ

ፍርድ ቤት ሄድን። የላይኛው ከተማ ሴቻ ነው፤ በባጃጅ ዳገቱን ይወጡታል። አስካለ ማመልከቻዋን አስገባች፤ የጉዲፈቻ መዝገቤን ልይ የሚል ነው። ዳኛው አይተው እስኪፈቅዱ ጠብቁ አሉን። ትንሽ አጉረመረምኩ። ጸሐፊዋ «አባባ፣ ይሄ የሰው ገመና ነው፣ እንደ ቆሎ አይዘገንም» አለችኝ።

ረቡዕ

የማቴዎስ አባት አቶ ጳውሎስ ጫኖ በሚባል መንደር ሙዝ አምራች ናቸው። ጠዋት በራሳቸው ሞተር ሳይክል መጡ። ቁመተ ረጅም፣ ጠጉራቸው ገና ያልነጣ ሰው። እቤት ካልሄድን ብለው አጥብቀው ያዙን።

«እሄዳለሁ» አልኩ፣ «ግን ሽማግሌ ሳይላክ የልጁ ቤት እህል አልቀምስም። በኛ አገር ነውር ነው።»

«ውሃስ?»

«ውሃ ይሁን።»

ጫኖ በቦይ ውሃ የሚለማ አገር ነው። ሙዙ ጥላው እንደ ቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ነው። እኛ አገር ዝናብ ካልመጣ ቄስም ገበሬም ሰማይ ሲያይ ይውላል፤ እዚህ ሰውየው አካፋውን ብድግ አድርጎ ውሃውን ወደ ፈለገው ይመልሰዋል። ቀናሁ፤ አልዋሽም።

እኩለ ቀን ላይ ራበኝ። አቶ ጳውሎስ ገብቷቸዋል። ለሚስታቸው በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ሴትየዋ ምግቡን ተሸክመው ከቤት ወጥተው ሙዙ መሃል ሰሌን አነጠፉ።

«አቶ በቀለ፣ ይሄ ቤት ነው?»

«ማሳ ነው።»

«እንግዲያው የማሳ እህል ይብሉ።»

ተሸነፍኩ። ሰሃኑ ሲከፈት የሐይቅ አሳ ነው። ረቡዕ ነው፣ አልበላም አልኩ። «አሳ እኮ ጾም ነው የሚሉ አሉ» አሉኝ። «ያሉት ይብሉት» አልኩ። ሴትየዋ አልተቆጡም። ወዲያው ኩርኩፋ አመጡልኝ፤ የበቆሎ ዱቄት እንደ ትንንሽ ኳስ ተድቦልቡሎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ ነው። ቅቤ የለበትም ብለው ማሉልኝ። ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ። ይህን ለደነባ ሴቶች ሳወራ ቅጠል በላ ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ከበላን በኋላ አቶ ጳውሎስ ፊታቸው ከበደ። «አቶ በቀለ፣ እርስዎ ሰባት ቤት ይቆጠር ማለትዎን ልጄ ነግሮኛል። ደስ ብሎኛል። ወጣቶቹ ይስቃሉ እንጂ እኛም አለን። ጋሞ በሁለት ይከፈላል፤ ማላ አለ፣ ዶጋላ አለ። ማላ ማላን አያገባም፣ ዶጋላም ዶጋላን አያገባም፤ እንደ ወንድምና እህት ነው። እኛ ማላ ነን።»

«ልጄስ?»

«እሱን ነው የማናውቀው። የሚወረሰው ከአባት ነው። ማላ ከሆነች እኔም አልመርቅም።»

አስካለ ቀና አለች። «አባባ፣ እናንተ እኮ ጴንጤ ናችሁ!»

«ነን እንጂ ልጄ። ጠላውን ትተናል፣ ጠንቋዩን ትተናል። እህትን ማግባት ግን ወንጌል መቼ ፈቀደ?»

ልጄ የሙዝ ቅጠል መቅደድ ጀመረች። ከደነባ ስነሣ ይቆጠር ባዩ እኔ ነበርኩ። አሁን ቆጠራው ራሱ አስፈራኝ። ሁለት መንገድ ነው ያለው፤ አንዱ ሠርግ፣ አንዱ ባዶ እጅ። በጓሯችን ዞር ዞር እያለች ስልክ ስታወራ የነበረችውን ልጅ፣ ያንን ሳቋን አስታወስኩ። በራሴ አፍ ያመጣሁት ነገር ነው።

ሐሙስ

ዳኛው ፈቀዱ። መዝገቡን የምታሳየው የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዋ ወይዘሪት ሕይወት ናት፤ ለጋ ልጅ፣ ድምፅዋ የለሰለሰ፣ አንጀቷ ግን ብረት። ገብቼ ልቀመጥ ስል «አባባ፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁን» አለችኝ።

«የማን ልጅ ናት?»

«የእርስዎ። ሕጉም የእርስዎ ናት ይላል። ግን በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ከወለዱት ጋር ያለው ዝምድና አይቆረጥም የሚልም እዚያው ሕግ ላይ አለ። መዝገቡን እንድታይ የተፈቀደው ለእሷ ነው። ከፈለገች ወጥታ ትነግርዎታለች።»

ውጭ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ሃያ ምናምን ዓመት ያሳደግኳት ልጅ በር ተዘግቶባት የማላውቀውን ስም ስታነብ እኔ ጉንዳን እቆጥራለሁ። ተናደድኩ፤ ተነሥቼ በሩን ላንኳኳ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ።

ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን ያነበበችውን ሁሉ ነገረችኝ። የአባቷ ስም አለ፣ ሞቷል። የእናቷ ስም አማረች ነው። መንደሩ ከጨንቻ በላይ ነው። ማላ ይሁን ዶጋላ ግን አልተጻፈም፤ መንግሥት እሱን አይጠይቅም።

«በይ እንሂዳ፣ መንደሩ ታውቋል!» አልኩ።

ወይዘሪት ሕይወት በር ላይ ቆማለች። «አይሆንም አባባ። ወላጅ እናቷ መጀመሪያ ትጠየቃለች። ልጅ ሰጥታ ለጎረቤቷ ያልተናገረች አለች፣ ለባሏ ያልተናገረች አለች። እናንተ ድንገት በሯ ላይ ብትቆሙ ቤቷን ታፈርሳላችሁ። እኔ በቀበሌው በኩል በምስጢር አስጠይቃታለሁ።»

«እምቢ ብትልስ?»

«እምቢታዋን ይዘው ይመለሳሉ።»

ያን ጊዜ ልቤ አረረ። ዛሬ ሳስበው ግን ያደነቅኩት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። እኛ አገር ቢሆን ኖሮ ሐሙስ የታወቀው ቅዳሜ ገበያ ላይ ይለፈፍ ነበር። እዚያ አገር ያቺ ደሃ ሴት በሌለችበት ጥቅሟን የሚጠብቅ ሰው ተቀምጦላታል።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ መልስ ጠበቅን። እኔ «ጨንቻን ለሽርሽር እንየው» አልኩ።

«አባዬ፣ ሽርሽር መቼ ወደህ ታውቃለህ? ለወይዘሪት ሕይወት ቃል ሰጥቻለሁ፣ አልሄድም።»

ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ አልኩ። ወይ ፍንክች። ግትርነቷን ከማን እንዳመጣችው አውቃለሁ፤ ከደም አይደለም።

ወደ ማታ ግድም ስልኳ ጮኸ። ወይዘሪት ሕይወት ናት። አስካለ ሰማች፣ «እሺ» አለች፣ ዘጋችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። እናትየው ኑልኝ ብላለች። «ለምን ዘገዩ?» ብላለች አሉ።

ቅዳሜ

ከአቶ ጳውሎስ ጋር ሦስት ሆነን በሚኒባስ ወጣን። ዳገቱ መጠምዘዝ ነው፤ ሐይቁ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ከታች ይታያል። ከፍ እያልን ስንሄድ ቀርከሃ መጣ፣ ገብስ መጣ፣ ጉም መጣ። ብርዱም መጣ! ለካ ቆላ ነው የተባልኩት አገር ራሱ ላይ ደነባን ተሸክሟል። ጥርሴ ተፋጨ። ካፖርቴ ቤት ነው። ምን ላድርግ፣ ለስጦታ የገዛሁትን ጋቢ ከፌስታሉ አውጥቼ ለበስኩ። አስካለ ከሐሙስ ወዲህ ያን ጊዜ ሳቀች።

ጨንቻ የሸማ ሠሪ አገር ነው። በየደጁ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያ እየወረወረ ሸማ የሚሠራ ወንድ ተቀምጧል። ጋቢው ለምን እንዳሳቃት ያን ጊዜ ገባኝ። ለሸማኔ አገር ጋቢ ተሸክሜ መሄዴ ነው፤ ያውም ለብሼው።

መንደሩ መግቢያ ላይ ሣሩ የተላጨ የመሰለ ሜዳ አለ፣ ዙሪያውን የመቀመጫ ድንጋይ። ዱቡሻ ይሉታል፤ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ነገር የሚያልቅበት ነው። እዚያ ውሸት አይወራም፤ ውሸት ጎሜ ነው፣ እኛ ነውርና ኀጢአት የምንለውን በአንድ ስም ጠርተውታል። ሽማግሌዎቹ ርጥብ ሣር ይዘው ቆመው ጠበቁን። «ሳሮ፣ ሳሮ» አሉን፤ ሰላም ማለት ነው።

ከመሃላቸው አንዲት ቀጭን ሴት ወጣች፤ አማረች ናት። አስካለን አላየቻትም፤ በሷ በኩል አልፋ ከኋላችን ያለውን መንገድ ታያለች። ከዚያ እኔን አንድ ነገር ጠየቀችኝ። አማርኛ አታውቅም። ያስተረጎመላት አቶ ባሳ ነው፤ የሟቹ ባሏ ታናሽ ወንድም፣ አዲስ አበባ ብዙ ዘመን ሸማ የሠራ።

«የሺ የት አለች? ነው የምትለው።»

«አርፋለች» አልኩ።

ሴትየዋ እጇን ራሷ ላይ ጭና አለቀሰች። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔ የመጣሁት ለልጄ ነበር፤ የባለቤቴን ለቅሶ አገኘሁ። አቶ ባሳ እያስተረጎመ ነገረኝ። የሺ ልጅቷን ልትወስድ ስትመጣ ሦስት ቀን አብራት አድራለች። አልጋዋ ሥር ተኝታ ታማሚዋን አጥባለች፣ ገንፎ አጉርሳታለች። ስትሄድ «ሲሻልሽ ነይ፣ ቤቴ ቤትሽ ነው» ብላታለች። አማረች ግን የደነባን ስም መያዝ አልቻለችም። የሺ ይህን አንድም ቀን አልነገረችኝም። እሷ እንዲያ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ነው ሴትየዋ ወደ አስካለ የዞረችው። እሱን አልጽፍም። የነሱ ነው።

ስንቀመጥ አቶ ባሳ የጋቢዬን ጫፍ በጣቱ ዳበሰ። «ይሄ የኛ ልጆች እጅ ነው። ሽሮ ሜዳ ነው የተሠራው።» ሳቀ። «አባባ፣ የኛን ሁለት ነገር ይዘህልን መጣህ፤ ጋቢና ልጅ።»

ብድግ አልኩ። «ጋቢውን ውሰዱ፣ የናንተው ስጦታ ነው። ልጅቷን ግን ይዣት እመለሳለሁ።»

ሜዳው በሳቅ ሞላ። «ማን ወሰደብህ? ጋቢውንም ልበስ፣ ትንቀጠቀጣለህ!» አለኝ አቶ ባሳ።

አቶ ጳውሎስ ግን አልሳቁም። ተነሥተው ቆባቸውን አወለቁ፤ ልጃቸው ልጅቷን እንደፈለጋት፣ እሳቸው ማላ እንደሆኑ በጋሞኛ ተናገሩ። አስካለ እጄን ያዘች። አቶ ባሳ የሟቹን ወንድሙን አባቶች አንድ በአንድ እየጠራ ወደ ላይ ወጣ። ስም ሲጠራ ሽማግሌዎቹ ሣሩን እየነቀነቁ ይቀበላሉ። ሰባተኛው ላይ ቆመና ወደኛ ዞረ።

«ዶጋላ» አለ።

አቶ ጳውሎስ «ጌታ ይመስገን» ብለው ድንጋዩ ላይ ዘፍ አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። አስካለ ፊቷን ጋቢዬ ውስጥ ቀበረች። እኔም ተነሡ እንሂድ ልል ስል ከሁሉ የሸመገሉት ሰው በሣራቸው ወደኔ ጠቆሙ።

አቶ ባሳ አስተረጎመ፦ «አንተም ቁጠር ይሉሃል።»

«እኔ ላስቆጥር ነው የመጣሁት።»

«የወለዳት ተቆጠረ። ያሳደጋት ደግሞ ይቆጠር። አባቷ አይደለህም እንዴ?»

በመስክ መሃል ቆምኩ። ጣቴን አወጣሁ። «ተሰማ። ሀብቴ። ወልደ ጊዮርጊስ። ዘውዴ። ክፍሌ። ደጀኔ...» ስድስት። ሰባተኛው የለም። በሕይወቴ ስንት ሠርግ ላይ ተነሥቼ ስቆጥር የኖርኩ ሰው፣ ሰባተኛው ከአፌ ጠፋ። ሰማይ አየሁ፣ ሣሩን አየሁ። አቶ ጳውሎስ «አይዞዎት» አሉኝ፤ ያ ባሰብኝ። ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ፣ ሰውን ሁሉ አስጨንቄ፣ የራሴን ቤት መጨረስ አቃተኝ።

አስካለ ከእናቷ አጠገብ ተነሣች።

«አምዴ» አለች። «ደጀኔ አምዴ። አባቶቼ ናቸው።»

ሽማግሌዎቹ ሣሩን ነቀነቁ።

እሑድ

አውቶቡስ ላይ አስካለ በመስኮት እያየች ከንፈሯን ታነቃንቃለች። ምን ትደግሚያለሽ ስላት የትናንቱን የአቶ ባሳን ስሞች ነው፣ እንዳይጠፏት። ሶዶ ሳንደርስ ያለ ስህተት ቆጠረችልኝ። ከዚያ የኔን ቆጠረች። እናቷ ለሠርጉ ደነባ ትመጣለች፤ የሺ ቤትሽ ነው ያለቻት ቤት ነውና ማንንም አላስፈቅድም።

የማቴዎስ ሽማግሌዎች ከፋሲካ በኋላ ይመጣሉ። ሙሽራ ሽማግሌ ፊት አትቀመጥም፣ ጓዳ ትቆያለች የምትሉ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እኔም ስል ኖሬአለሁ። ዘንድሮ ግን አጠገቤ ትቀመጣለች። እሷ ከሌለች ሰባተኛውን ማን ይነግረኛል?